የሦስተኛ ቤት ሳል

ቲቶ የተገኘው ሽንት ቤቱ በር ሥር ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ፣ በገዛ ደሙ ታፍኖ ሞቷል። ብርድ ልብሱን ማን ጎሰጎሰበት ተብሎ ግቢው ታመሰ። ራሱ ነው። ባሳለ ቁጥር ጫማ የሚወረወርበት ሰው ሳሉን የሚያፍነው በዚያ ነው።

ኮርማ ሜዳ ማረሚያ ቤት ከሱሉልታ አልፎ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ሦስተኛ ቤት የሚባለው ክፍል መጀመሪያ ለእህል መጋዘን ነበር የተሠራው። እህሉ ሻገተና አወጡት፤ ሰው አስገቡበት። ሰው ሲሻግት ሽታው ቶሎ አይታወቅም።

የቲቶ ሬሳ እንደወጣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ኮማንደር ወንዳፍራሽ ሦስተኛ ቤት እንዲቆለፍ አዘዘ። ጥፋተኛው እስኪለይ ድረስ ፀሐይ የለም፣ ጠያቂ የለም፣ የሚፈታም የለም አለ። ጥፋተኛውን ግን እሱ አስቀድሞ ለይቶታል። ዱባለ ነው፤ የእስረኞቹ የጤና ተጠሪ። ማታ ለቲቶ ክኒን ሲሰጠው ብዙ ሰው አይቷል። የዱባለ የአመክሮ ወረቀት ደግሞ ለፊርማ ኮማንደሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱ ካልተፈረመ ዱባለ ገና ብዙ ክረምት እዚያው ይከርማል፤ ነፍስ አጥፍቷል ከተባለም መውጫውን እግዜር ይወቀው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ጠጅቱ ከቡራዩ ተጠርታ መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ለአየር ብላ መስኮት ብትከፍት ከኋላዋ ያሉት ሴትዮ «ዝጊው እናቴ፣ ንፋስ ይመታናል» ብለው በሷ ላይ አሻግረው ዘግተውባታል። ላብ በላብ ሆና ነው የደረሰችው። ወንዳፍራሽ ከመቀመጫው አልተነሳም። ምልምል ሳለ የክስ መዝገብ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። እሱ ኮማንደር ሆነ፤ እሷ አሁንም ታክሲ ትጋፋለች።

«እትዬ ጠጅቱ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ለወጉ ነው የጠራንሽ።»

«ለወጉ ከሆነ መኪና በላካችሁልኝ። ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሳንባው ተበልቷል፣ ቲቢ ነው አለ። ሊሆን አይችልም። ጥር ላይ ሦስተኛ ቤት በሙሉ ተመርምሯል፤ ቲቶ ነጻ ተባለ። የተገኘበት አንድ ሰው ነው፣ የቤቱ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ የነበረው ሽመክት። እሱ ያኔውኑ ለብቻው ተለይቷል። ስለዚህ ክኒኑ ነው።»

«ክኒን በአንድ ሌሊት ሳንባ አይበላም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ወይ ሐኪሙ ተሳስቷል፣ ወይ ያ ምርመራ። ቲቶ እንደሆነ አልተሳሳተም፤ ሞቷል።» ወደ በሩ ዞረች። «ቲቢ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹን ከበሽታው ጋር ነው የቆለፉባቸው። ያስከፍቱት።»

«ጥፋተኛው ሲታወቅ ይከፈታል» አለ ወንዳፍራሽ። ኃላፊ የሆነ ሰው ቃሉን ከሚያጥፍ የሰው አንገት ቢታጠፍ ይመርጣል።

ነርሷ ሲስተር ሚርያም በቆርቆሮ ክሊኒኳ ውስጥ ለጠጅቱ ማስክ ሰጠቻትና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ጥር ማርያም ዕለት የአክታ ዕቃውን ያደልኳቸው ደጅ ነው። አክታ ቤት ውስጥ አይሰጥም፣ አየሩን ይበክላል። ፀሐይ ላይ ራቅ ራቅ ብላችሁ፣ ከደረታችሁ አስሉ አልኳቸው። በሳፋ ሰብስቦ ያመጣልኝ ዱባለ ነው።»

«ስማቸው የት ላይ ነበር የተጻፈው?»

«ፕላስተር ላይ። ፕላስተሩ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ። ጎኑ ላይ ነበር መለጠፍ ያለበት፤ ጎኑ ረጥቦ አልይዝ ሲለው ዱባለ ክዳኑ ላይ አደረገው። እኔም እያየሁ አለፍኩት።»

«የሽመክት እንዴት ነበር?»

«ወፍራም፣ ደም የነካው። ውጤቱ ሲነገረው እኔ አልተፋሁም አለ። በሽታው የተገኘበት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ለይቶ ማቆያ መግባት ማን ይፈልጋል?»

«የቲቶስ?»

ሚርያም የጓንት ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ ገፋችው። «ምራቅ ነበር። ንጹሕ ምራቅ። ድገም ማለት ነበረብኝ። መኪናው ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ላኩት። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እኮ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

ብቻዋን መሆኗ እውነት ነው። ቲቶም የሞተው ብቻውን ነው።

ዱባለን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ እጁ በካቴና ታስሮ አገኘችው። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ከወላይታ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ለመፈቻው ቀን ያስቀመጠውን ሸሚዝ ለብሷል፤ ሲይዙት ያገኘው እሱን ነው።

«የሰጠሁት የራስ ምታት ክኒን ነው» አለ። «ደረቴን ወጋኝ አለኝ። ሌላ ምን አለኝ? ቲቶን ሁሉም ሲሸሸው አብሬው የምበላ እኔ ነበርኩ። አጠገቡ የምተኛም እኔ ነኝ።»

«ጥር ላይ አክታ ስትሰበስብ ሳፋው ከእጅህ ወጥቶ ነበር?»

«አልወጣም።»

«አስብና መልስልኝ።»

«አልወጣም አልኩ፣ እትዬ።» ዐይኑን ግን ከካቴናው አላነሳም።

ውጭ በር ላይ ሚስቱ ሩታ የምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። ከሰበታ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል፤ አታልፊም ተብላለች። የጥበቃ ኃላፊው ኦቦ ጉታ ግዙፍ፣ ቁጡ ሰው ቢሆንም ሊያባርራት አልሆነለትም፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጧታል።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ጉታ?» አለች ጠጅቱ።

«ነጋ፤ ገለተ ዋቃ። ይቺን ሴት አንድ ነገር በሉልኝ፤ ስታየኝ ሆዴን ትበላኛለች።»

ሩታ የምሳ ዕቃውን ክዳን አነሳች። «ኢንስፔክተር ነሽ? ልቅመስልሽ? እዚህ ሳይቀመስ አይገባም። ባሌ በእጄ እንዳይሞት ይሳሱልኛል፤ እነሱ እጅ ሲሞት ግን ቀማሽ የለውም።»

«ከአፌ ላይ ነው የወሰድሽው» አለች ጠጅቱ አጠገቧ እየተቀመጠች። «ጥር ማርያም መጥተሽ ነበር?»

«መጥቻለሁ። ልጃችንን ይዤ።»

«ዱባለ ቶሎ ወጣልሽ?»

«ወዲያው። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። ልጄ ፈርታው አልቀርብም አለችው፣ በዚያ ስንስቅ ነበር።» ሩታ የመርማሪዋ ፊት ሲለወጥ አየች። «ምን አልኩ?»

«ደግ ነገር ነው ያልሽው።»

ወደ ዱባለ ተመለሰች። የጓንቱን ነገር ስታነሳበት ትከሻው ወረደ።

«ሳፋውን ለእሸቴ ትቼለት ሄድኩ» አለ። እሸቴ አሁን በሽመክት ቦታ ካቦ የሆነው እስረኛ ነው። «ሩታ መጣች ሲሉኝ አላስቻለኝም። ብናገር ሥራውን ጥሎ ሄደ ተብዬ አመክሮዬ ይቀራል ብዬ ነው።»

«ዝም ብለህም ሊቀርብህ ነው። ስትመለስ ዕቃዎቹ እንዴት ነበሩ?»

«ሁሉም ሞልተው። ሁሉም ተከድነው። እኔም ተሸክሜ ለሲስተር አደረስኩ።»

ሽመክት ያለበት ለይቶ ማቆያ ከግቢው ጥግ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ድሮ ነጋዴ የነበረ፣ ከሰሜን የመጣ፣ ለሃይማኖቱ ጥብቅ የሆነ ሰው ነው። ሦስተኛ ቤት ያሉት ወተትና እንቁላል እየበላ አልጋ ላይ ይንፈላሰሳል እያሉ ያሙታል። ጠጅቱ የተቀቀለው እንቁላል ሳይላጥ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ አየች።

«በዐቢይ ጾም እንቁላል» አለ ሽመክት አይታ ስትደነቅ። «ለነርሷ አልፈርድባትም፣ የኛን ሥርዓት አታውቅም። ሽንቴን ደም የሚያስመስል መድኃኒት ያስውጡኛል፤ ሆዴ ተቃጠለ። እኔ ሳል አለብኝ? እስቲ ቆመሽ ስሚኝ፤ አንድ ጊዜ ካሳልኩ እሰሩኝ። ታስሬያለሁ ለካ።»

«ታዲያ በሽታው አክታህ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?»

«የኔን የተባለውን አክታ ጠይቂው። አስተርእዮ ማርያም እኮ ነው። ግቢው ውስጥ ካለችው መቃኞ ቤተ ክርስቲያን ቆርቤ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ስመጣ በዚያ ቅዱስ ቀን የላስቲክ ኩባያ ያስጨብጡኛል? ሳፋው ላይ መልሼ አስቀምጬ ገብቼ ተኛሁ። ይኼን ስናገር ማን ሰማኝ? ካቦ ሳለሁ ስናገር ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።»

«ካቦ ሳለህ እሸቴን የት ነበር የምታስተኛው?»

«ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ከቲቶ ጋር። አፉን አልወደውም። መስኮቱን ክፈት ስለው ይዘጋል፣ ዝጋ ስለው ይከፍታል።» ወዲያው የሆነ ነገር ገባውና ጠጅቱን አተኩሮ አያት። እሷ ግን እየወጣች ነበር።

ሦስተኛ ቤት በር ላይ ስትደርስ ሽታው ቀድሟት ወጣ። ሰዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፈው ተቀምጠዋል። አንዱ እግሩን ሲዘረጋ ሌላው መሰብሰብ አለበት። ብቸኛው መስኮት ንፋስ እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፏል። ከሥሩ ሰፊ ፍራሽ ተነጥፏል፤ እሸቴ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ትሪ ከቦ ይበላል። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አሳለ። ሌላ መለሰለት። ጠጅቱ ብረቱን ይዛ ቆመች።

እሸቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ። ደልደል ያለ፣ ፈገግታ የማያጣው ሰው ነው። «ኢንስፔክተር፣ ምነው በዚህ ሽታ? ብታስጠሩኝ እመጣ አልነበር።»

«ሁላችሁም ተቆልፋችኋል ተባልኩ። ጥር ላይ ሽመክት አክታ ሲሰጥ አይተኸዋል?»

«አላየሁም ብል ውሸት ነው። እዚያ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አንጀቱ እስኪወጣ አስሎ፣ እትፍ። ደም ነበረው። ምስኪን፣ አሳዘነኝ።»

«ቲቶስ ጓደኛህ ነበር አሉ።»

«ነፍሱን ይማር። ለገጣፎ ግንባታ ላይ የሠራ የዋህ ልጅ ነው።»

«አብራችሁ ትበሉ ነበር?»

«ድሮ። ካቦ ከሆንኩ ወዲህ ለብቻዬ ነው የምበላው፤ ካቦ ከሰው ጋር አይበላም፣ ወግ ነው።»

ጠጅቱ ከትከሻው በላይ ትሪውንና የሚጠብቁትን ሦስት ሰዎች አየች። ጉታን ወደ ጎን ወሰደችው።

«ኦቦ ጉታ፣ እሸቴና ቲቶ ማዕድ የለያዩት መቼ ነው?»

ጉታ ጢሙን አሸ። «የምርመራው ውጤት በመጣ ዕለት። ሽመክትን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሸቴ ወደ መስኮቱ ሲወጣ ቲቶ ፍራሹን ተሸክሞ ተከተለው። ‹አንተ እዛው› አለው። ማታ ማዕዳቸው ላይ ሊቀመጥ ቢመጣ ወጡን በጣሳ ቀንሶ በእግሩ ገፋለት። ሰው ለወንድሙ እንደዚያ ያደርጋል? ሥልጣን አሰከረው ብዬ ተውኩት።»

«ያን ቀን ሽመክት ቆርቦ ነበር?»

«እኔው ነኝ ከመቃኞዋ አጅቤ የመለስኩት። እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቃል አልወጣውም።»

ጠጅቱ ወደ ኮማንደሩ ሄዳ ሁሉም ወደ ሜዳው እንዲወጡላት ጠየቀች። ወንዳፍራሽ ካንገራገረ በኋላ አምስት ሰው ብቻ ፈቀደ። ዱባለ፣ እሸቴ፣ ሚርያምና ጉታ በፀሐዩ ላይ ተራርቀው ቆሙ፤ ሽመክት ማስክ አድርጎ ከሁሉም ርቆ። ኮማንደሩ ብቻ ወንበር መጣለት።

«ቲቶን በእጁ የገደለው የለም» አለች ጠጅቱ። «የገደለው ቲቢ ነው፤ ሐኪሙ እውነቱን ነው። እንግዲህ የተሳሳተው የጥር ወሩ ምርመራ ነው። ሲስተር፣ መኪና ቆሞ ስለሚጠብቅ ያለፍሽው ነገር ለኔ መነሻ ሆነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል የሚያድር ሰው እንዴት ንጹሕ ምራቅ ይሰጣል? አንድ ጊዜ አስሎ የማያውቀው ሽመክትስ ደም ያለው አክታ ከየት ያመጣል?»

«ተቀያይሯል ነው የምትዪኝ?» አለ ወንዳፍራሽ። «ያው ዱባለ ነዋ የሰበሰበው። የሰው ስም በትክክል መጻፍ አይችልም።»

«ስሙን በትክክል ነው የጻፈው። ክዳን ላይ መጻፉ ነው ጥፋቱ። ክዳን ይነሳል። መቀያየር ብቻ ቢሆን ግን የሽመክት ምራቅ በቲቶ ስም ይሄድ ነበር። የሽመክት ዕቃ ባዶ ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«ኮማንደር፣ እርስዎ የማርያም ማኅበርተኛ ነዎት። የቆረበ ሰው ምራቁን ይተፋል?»

«አይተፋም» አለ ወንዳፍራሽ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ቀኑን ሙሉ አይተፋም።»

«ሽመክት በጾም እንቁላል አልበላም ብሎ እየተራበ የሚያድር ሰው ነው። በዚያ ቀን ትፋ ብለው ቢገርፉትም አይተፋም። ኦቦ ጉታ ተሸፍኖ ሲገባ አይቷል። እንግዲህ የሽመክትን ዕቃ ባዶነት ያየ ሰው የቲቶን ሙሉ ዕቃ አነሳ፣ የሽመክትን ክዳን ገጠመበት። የቀረውን ባዶ ዕቃ ደግሞ ከራሱ አፍ ሞላና በቲቶ ስም ከደነው። ደረቱ ጤነኛ ስለሆነ የወጣለት ምራቅ ነው።»

«ይኼንንም ዱባለ ሊያደርግ ይችላል» አለ እሸቴ በፈገግታው። «ሳፋው በእጁ ነው።»

«ዱባለ ጓንቱን እንዳጠለቀ ሚስቱ ጋ ሮጦ ነበር። ሳፋው አንተ ጋ ቀረ።»

«ብዙ ሰው ነበረ እዚያ።»

«ነበረ። ግን ሽመክት ሲያስል፣ ሲተፋ፣ ደም ሲወጣው አየሁ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። የማይሆን ነገር አየሁ የሚል ሰው የሚደብቀው አለው። ብትቆርብ ኖሮ እንዲህ ያለ ውሸት አትዋሽም ነበር።»

ፈገግታው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የሚያርፍበት አጣ።

«ያ ውሸት ብቻውን ቢሆን እንኳ ዘነጋሁ ትለኝ ነበር» ቀጠለች ጠጅቱ። «ካቦ ለብቻው ይበላል አልከኝ፤ ከሦስት ሰው ጋር ስትበላ ነው ያገኘሁህ። ከቲቶ ብቻ ነው ማዕድ የለየኸው። መቼ? ቲቶ ነጻ ነው የተባለ ዕለት። ያን ቀን በዚህ ግቢ ሁሉም ቲቶ ጤነኛ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሲስተር፣ ኮማንደር፣ ቲቶ ራሱ። ያ ደም ከማን ደረት እንደወጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ሳህኑን የሚያርቀው።»

ከሦስተኛ ቤት ውስጥ ሳል ይሰማል፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል።

«ስድስት ዓመት ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው የተኛሁት» አለ እሸቴ። ለሽመክት ነበር የሚናገረው። «ሌሊት ሽንታቸውን ሊሸኑ ሲሄዱ ፊቴን ይረግጡኛል። ከፍ አድርገኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ‹ቦታህን እወቅ› አልከኝ። ቦታዬን አወቅሁ። አንተ እንድትወጣ ነው የፈለግሁት፤ ቲቶ እንዲሞት አይደለም። እኔ ሰው አልገደልኩም። ክዳን ነው የቀየርኩት።»

«ውጤቱ ሲመጣ ለሲስተር በጆሮዋ አንድ ቃል ብትነግራት ቲቶ ዛሬ መድኃኒቱን ይውጥ ነበር» አለች ጠጅቱ። «ክዳኑን ስትቀይር ቲቶ መታመሙን ላታውቅ ትችላለህ። ጣሳውን በእግርህ ስትገፋለት ግን ታውቅ ነበር።»

ሽመክት ማስኩን አውርዶ ሊናገር ቃጣውና መሬት መሬት አየ። ጉታ እሸቴን ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ጠጅቱ ወደ ኮማንደሩ ዞረች። «ጥፋተኛው ታውቋል። ቃልዎ በሩን ለመክፈት ነበር።»

ሦስተኛ ቤት ተከፈተ። ሰዎቹ ብርሃኑ ዐይናቸውን እየወጋቸው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ጉታ ማዳበሪያውን ከመስኮቱ ጎትቶ ጣለው። ሲስተር ሚርያም አዲስ ዕቃ ይዛ ወጣች፤ በዚህኛው ጊዜ ስሙን ራሷ ጎኑ ላይ ትጽፍ ነበር። ወንዳፍራሽም የዱባለን ወረቀት ፈረመ። ሲሰጠው እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ይቅርታ የምትለዋ ቃል ማዕረጉን የምታወርድ መሰለችው።

ዱባለ ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ኪስ ከተተ። ሩታ ከብረቱ በር ማዶ ቆማለች። ጉታ ቁልፉን አዙሮ በሩን ገርበብ አደረገለት። ዱባለ ጥቂት ሄደና ቆመ።

«ሩታ፣ እዛው ሁኚ። አትቅረቢኝ።»

«ምን ሆንክ ደግሞ? ተፈረመልህ አይደል?»

«ተፈርሟል። ከቲቶ ጋር ግን ከአንድ ሳህን ነው የበላሁት። አጠገቡ ነው የተኛሁት። ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፣ ልጅቷ ደረቴ ላይ ነው የምትተኛው።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ሲስተር፣ ውጤቱ መቼ ይደርሳል?»

«ነገ ከሰዓት» አለች ሚርያም። «ግን እኮ ተፈተሃል። ሰበታ ሄደህም መመርመር ትችላለህ።»

«በሚኒባስ? መስኮቱን ዘግተው?»

ሩታ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ራቀችለት። «ሳይበርድ ብላው» አለች። «ጉታ ቤት አድራለሁ፤ ሚስቱ ታውቀኛለች። ነገ ከሰዓት እዚህ ቆሜ አገኝሃለሁ። ደግሞ ሸሚዙን እንዳታቆሽሽ።»

ዱባለ ምግቡን አንስቶ ተመለሰ። ጉታ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በዚህ ግቢ ብዙ ሰው አስገብቷል፣ ጥቂት ሰው አስወጥቷል፤ ተፈትቶ የተመለሰ ግን አላጋጠመውም። እስረኛ ነው እንዳይል ወረቀቱ ተፈርሟል። እንግዳ ነው እንዳይልም እንግዳ እዚህ አያድርም። ኮማንደሩን ሊጠይቅ አሰበና ተወው። በመጨረሻ በሩን ቆለፈው፤ የለመደው እሱን ነው።